የአባቴ ቢላ ወደ በደሳ ሲመለስ

የልጅ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለና ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ፈረንጅ ዝገት የበላውን የአደን ቢላ በግራይንደር እየፈጨ፣ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ፊት የሚያሳይ መስተዋት አደረገው። «እማዬ፣ የቅድመ አያቴን ቢላ እንደዚህ እናስደርገው። ሰፈር ያለው ብየዳ ቤት ግራይንደር አለው» አለኝ።

ዝም አልኩ። ቢላው በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። ልጁ የሚያውቀው ቢላው የአባቴ እንደነበረ፣ አባቴም በበደሳ ዙሪያ የታወቀ አዳኝ እንደነበረ ብቻ ነው። ብረቱ ላይ ያለውን ፈንጣጣ የመሰለ ጉድጓድ ማን እንዳደረገው አልነገርኩትም። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሲሞት ቢላው ለእኔ ደረሰኝ። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ መሣሪያ ሳጸዳና ስቀቅል ኖሬያለሁ። ቢላውን እንዳየሁት በረኪና በጥብጬ በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። የሠራሁበት ጤና ጣቢያ ሁሉ የሚያስተምረው 0.5 በመቶ በሆነ የክሎሪን ውህድ ለ10 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ብረት ይበላል። ይህንን ለስንት ተማሪ አስተምሬያለሁ። የአባቴን ቢላ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት። ጠዋት ሳወጣው ውኃው የሻይ መልክ ይዟል፣ ብረቱ ተቦርቡሯል፣ የወይራው እጀታም ላልቶ ይነቃነቃል። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እናም ለልጁ «ብየዳ ቤት አይሄድም። የሠራው ሰው ቤት እንወስደዋለን» አልኩት። ሠሪው ከሞተ ቆይቷል። ልጁ ግን በደሳ ውስጥ አሁንም ብረት እንደሚቀጠቅጥ ሰምቼ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔና የልጅ ልጄ ቢላውን በሻሽ፣ ሻሹን በሻንጣ አድርገን ተነሳን።

ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኛ የዚያ አገር ልጆች እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ እያልን የምንጠራት ከተማ ናት። አዳማንና መተሐራን አልፈን አዋሽ ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ከአዋሽ ወዲያ የግራር ቁጥቋጦና ደረቅ ሜዳ ነው፤ ግመል የሚነዱ ልጆች ይታያሉ። ከወገባቸው ላይ ጊሌ የታጠቁ አፋሮችና ከረዩዎች ሲያይ ልጁ ከመቀመጫው ተነሳ። ጊሌ በሁለቱም በኩል የተሳለ፣ ጎበጥ ያለ፣ ሆድ ላይ የሚታጠቁት ቢላ ነው። የአባቴ ቢላ የተለየ እንደሆነ ነገርኩት። እሱ ቀጥ ያለ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ፣ ቆዳ ለመግፈፍና ሥጋ ለመበለት የተሠራ ነው። አንዱ የወንድ ትጥቅ ነው፣ ሌላው የሥራ ዕቃ።

የአሰቦት ገዳም ያለበትን ተራራ በግራ በቀኝ እያማተርን ሚኤሶ ደረስን። አባቴ ሳላ ያድን የነበረው በዚህ ሜዳ ነው። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል። በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከላብ ወደ ጋቢ ትሸጋገራላችሁ። በእኔ የልጅነት ዘመን ይህ ሁሉ የጨርጨር አዳልና ጋራ ጉራቻ አውራጃ ይባል ነበር፤ አሁን ምዕራብ ሐረርጌ ዞን ነው።

ጭሮ አድረን በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ቁኒ ወጣን። ቁኒ ብርድና ጭጋግ ያለበት ደጋ ነው። እዚህ የቁኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ አለ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ የሚኖረውም ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉ ተራሮች ላይ ነው። የሳይንስ ሰዎች የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ የአካባቢው ሰው ግን ከዚያ በፊት ለዘመናት ሲያየውና ሲያድነው ኖሯል። ሹፌሩ ጫካውን በአገጩ እያሳየ ሲያልፍ አባቴ በእርጅናው የተናገረው ትዝ አለኝ። «እኛ ነን የጨረስነው። ሲያልቅ አልታወቀንም» ነበር ያለው። ለልጁ ይህንንም ነገርኩት። ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። አያት ገዳይ ነበር ብሎ ለልጅ ማውራት ቀላል ነው። አያት በኋላ የተጸጸተ መሆኑም አብሮ ካልተነገረ ልጁ ግማሹን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ከቁኒ ወርደን በደሳ ገባን። በደሳን ለማታውቁት አንባብያን፣ አፈሩ ቀይ፣ ቆርቆሮው ዝገት የለበሰ፣ ሰዉ ቀልደኛ የሆነ ከተማ ነው። የታወቀው በቡና ነው። የሐረር ቡና ተብሎ የሚሸጠው፣ ሳይታጠብ ከነቅርፊቱ ፀሐይ ላይ የሚደርቀው ቡና ከዚህ አካባቢም ይወጣል። እኔ ልጅ ሳለሁ በየደጁ ቡና ተሰጥቶ ዶሮ ስናባርር እንውል ነበር። አሁን ብዙው የቡና ማሳ ጫት ሆኗል። ከተማው ግን ሽታው አልተለወጠም፤ የእንጨት ጭስ፣ የአህያ አቧራና የሚቆላ ቡና። ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ኦዳ ቡልቱም አለ፤ የኢቱና የሁምበና ኦሮሞዎች ተሰብስበው ሕግ ያወጡበት የነበረ የዋርካ ጥላ ነው። ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

ሐረርጌ ላይ አንቱታ እምብዛም የለም። አንድ የባጃጅ ልጅ «አቦ፣ የት ላድርስሽ?» ሲለኝ የአዲስ አበባው ልጄ ዓይኑን አፈጠጠ። «ንቀት አይደለም፣ ቤተኛ አደረገኝ እንጂ» አልኩት።

የቀጥቃጩ ቤት ገበያው ዳር ነው። እዚህ ላይ የድሮውን ታሪክ መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ የመጣሁበት አይገባችሁም።

ቢላው የተሠራው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። አባቴ ከተሰበረ የጣሊያን ካሚዮን ላይ ቁራጭ ባሌስትራ አግኝቶ ለቀጥቃጩ ወሰደለት። ባሌስትራ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያኖች የቀረ ነው። ብረቱ ጠንካራና ተለጣጭ ስለሆነ ለቢላ የተመቸ ነው። ቀጥቃጩ የአባቴ ጎረቤት ነበር። ቢላውን ሠርቶ ሲያበቃ እጀታው ሥር ሦስት ጭረት አደረገበት፤ ይህ የእሱ ምልክት ነው። አባቴ ሃያ ዓመት አደነበት።

ቢላው ሌላም ሥራ ነበረው። እናቴ በወለደች ቁጥር ትራሷ ሥር ይደረግ ነበር። አራስ ያለ ብረት አትተኛም ይባል እንደነበር እኩያዎቼ ታስታውሳላችሁ፤ ክፉ ነገር እንዳይቀርባት ነው። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ብረቱን እንደ ጠባቂ ትራሳችን ሥር እናደርገዋለን። ብረቱን በእጁ የሠራውን ሰው ግን ቡዳ ነው ብለን እንሸሸዋለን። እኛ ልጆች ከቀጥቃጩ ልጆች ጋር ምንጭ ላይ ስንጫወት ውለን፣ ቤት ስንገባ «ዓይናቸውን አትዩ» ተብለን እንመከር ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ወንድ ልጅ ተወለደልን። ቀይ፣ ድምፁ ከበር ውጪ የሚሰማ ልጅ ነበር። በሰባተኛው ቀን ጡት መያዝ አቃተው። አፉ አልከፈት አለ። ከዚያ ሰውነቱ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ሲነኩት፣ በር ሲንኳኳ፣ ብርሃን ሲገባ ይንቀጠቀጣል። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። በዚያው ሳምንት የቀጥቃጩ ሚስት የዶማ ዋጋ ለመቀበል ቤታችን መጥታ እናቴን እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላት ነበር። ከዚህ በላይ ማስረጃ አልተፈለገም። «በላችው» ተባለ። አንድ ሰው እንኳ የተቃወመ አላስታውስም። ከዚያ ወዲያ ቤተሰባችን ሰላምታ ነሳቸው፣ ጎረቤቱም ተከተለ። ትንሽ ቆይተው ምድጃቸውን ነቅለው ገበያው ዳር ሄዱ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነርሲንግ ትምህርት ቤት ገባሁ። አንድ ቀን አስተማሪያችን ስለ አዲስ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ አስረዱን። መጀመሪያ ጡት መጥባት ያቅተዋል፣ ቀጥሎ ሰውነቱ ይደርቃል፣ በድምፅና በብርሃን ይንቀጠቀጣል፣ ብዙ ጊዜ ከተወለደ ከሦስተኛው ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል አሉ። ምክንያቱ በንጹሕ ባልሆነ ስለት የተቆረጠ ወይም ንጹሕ ያልሆነ ነገር የተቀባ እትብት ነው አሉ። ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ። ወንድሜ ሲወለድ አዋላጇ ትራሱ ሥር የነበረውን ቢላ መዝዛ፣ በቀሚሷ ጠርጋ፣ እትብቱን ስትቆርጥ በመጋረጃው ቀዳዳ አይቻለሁ። ቁስሉም ላይ ቅቤ አድርጋለች።

ለአባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነገርኩት። ምንም አልመለሰም። በማግስቱ ቢላውን ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ እስኪሞት አላወረደውም። ለእናቴ ለመንገር አቅም አጣሁ። የቀጥቃጩ ቤተሰብም ማንም ሳይነግራቸው ቀሩ። በረኪናው ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የተውኩት ያንን ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ዘግይቼ አንድ ቢላ አጠብኩ።

የቀጥቃጩ ልጅ እኩያዬ ነው። ጢሙ ነጭ ሆኗል፤ ክንዱ ግን የወጣት ነው። አላወቀኝም። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቼው የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው ትንሽ ቆየና «ሲስተር ሆንሽ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ። ሻሹን ፈትቼ ቢላውን ሰጠሁት። መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ እጀታው ሥር ተመለከተ። ሦስቱን ጭረት በአውራ ጣቱ ነካ። ከሦስቱ አንዱን በረኪናው ሊያጠፋው ጥቂት ነው የቀረው።

«የአባቴ እጅ ነው» አለ። ቀጥሎም «ይሄን ዝገት አይደለም የበላው። ምን አደረጋችሁት?» አለኝ።

«በረኪና» አልኩ።

«አቦ! ብረት በሽተኛ ነው እንዴ?» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

የልጅ ልጄ ስለ ግራይንደር ጠየቀው። ሰውየው ከጥግ አንድ የተበላሸ ቢላ አንሥቶ አሳየው። አፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ወጥቶበታል። ግራይንደር በፍጥነት ሲፈጭ ብረቱን ያግለዋል፤ ብረት ሲግል መጀመሪያ የገለባ መልክ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ሲሆን ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሠሪው ብረቱን አግሎና አቀዝቅዞ የሰጠው ጥንካሬ ይለቅቃል፤ ከዚያ በኋላ ስለት አይዝም። «ያምራል፣ ሽንኩርት ግን አይቆርጥም» አለው። «ደግሞ ምልክቱን ይፈጨዋል። አባቴን ማን ይመልሰዋል?»

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። እሳት ውስጥ አላስገባውም። መጀመሪያ የላላውን እጀታ አወለቀና የብረቱን ጭራ አየ፤ ከውጪው ይልቅ እዚያ ዝጎ ነበር። ከዚያ ብረቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳደረው። በማግስቱ ቀዩን ዝገት በቁራጭ መዳብ ፋቀው። መዳብ ከብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል፣ ብረቱን አይጭርም። የቀረውን በደቃቅ አመድና በዘይት በጨርቅ አሸው። ጥቁሩን አልነካውም። «ቀዩ ይበላል፤ ጥቁሩ ቆዳው ነው፣ ይጠብቀዋል» አለ። ልጁ ወናፍ ሲነፋ፣ ሞረድ ሲያቀብል ዋለ። ለሌላ ደንበኛ መጥረቢያ ሲሠራም መዶሻ አስያዘው፤ ሦስት ጊዜ መትቶ እጁ ዛለ።

ጉድጓዶቹን ይሞላቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። «ብረት ሥጋ አይደለም፣ አይሞላም። ለማለስለስ ብል ሌላውን ሁሉ እስከ ጉድጓዱ ድረስ መፋቅ አለብኝ። የሚቀርሽ ሳንቲም የሚያህል ነው» አለ። ስለዚህ ጉድጓዱ ቀረ። ስለቱን ብቻ በእርጥብ የመሳያ ድንጋይ ቀስ ብሎ አወጣው። የወይራውን እጀታ በሰም አሽቶ፣ የዛፍ ሙጫ ከከሰል ዱቄት ጋር አቅልጦ መልሶ አጣበቀው። የተሰነጠቀውን አልለወጠም፤ በቀጭን የመዳብ ሽቦ አሰረው።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጁ ውኃ ሊገዛ ሲወጣ፣ ነገርኩት። ስለ ወንድሜ፣ ስለ እትብቱ፣ ስለ ቅቤው፣ ከትምህርት ቤት ስለተማርኩት። «እናትህ ምንም አላደረገችም። የሆነው ከእኛ ቤት ነው። አርባ ዓመት በላይ እያወቅሁ ዝም አልኩ» አልኩት።

ሥራውን አቆመ። ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። እኔም በሽተኛ ቤት የለመድኩትን አደረግሁ፤ ቃል ሳልጨምር ጠበቅሁ።

«እናቴ ሰርግ ላይ አትጠራም ነበር» አለ በመጨረሻ። «እኅቴን ያገባት ሰው ከሩቅ አገር ነው የመጣው፤ ከዚህ ማን ይወስዳታል? እነሱ ይሄን ሳይሰሙ ሞቱ።» ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ ምን ይጠቅማል? ማታ ቤት ነይና ልጆቼ ባሉበት ንገሪ። ያንቺም ልጅ ይስማ።»

ማታ ሄድን። ባለቤቱ ሆጃ አፍልታ አቀረበች፤ የቡና ገለባ ከወተት ጋር የሚፈላ፣ የሐረርጌ እንግዳ ሁሉ የሚጠጣው ነው። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። የልጅ ልጄም ሰማ። ስጨርስ የቤቱ ትልቋ ሴት ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «እናትሽ በሕይወት እያለች ለምን አልነገርሻትም?» መልስ አልነበረኝም። «ፈራሁ» አልኩ። ይቅርታ አድርገናል ያለኝ ሰው የለም፤ ሂጂ ያለኝም የለም። ሆጃው ተደገመ።

በማግስቱ ሒሳብ ስጠይቀው የተለመደውን ዋጋ ነገረኝ። ጨምሬ ልሰጠው ስሞክር እጄን መለሰው። «ዋጋው ይሄ ነው» አለ። ይህም የራሱ መልስ ነበር።

እንደ ጤና ባለሙያ ለአያቶችና ለወላጆች አንድ ነገር ላስታውስ። መንጋጋ ቆልፍን ዝገት አያመጣውም። በሽታውን የሚያመጣው ተሕዋስ በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ የሚኖር ነው። የዛገ ምስማርም አዲስ ምስማርም አፈር ከነካው እኩል አደገኛ ነው፤ በተለይ ጠልቆ ከወጋ። የሚከላከለው ክትባት ነው። አገራችን የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የጀመረችው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ እኔም በቅሎ ላይ የክትባት ሳጥን ጭኜ ከሄዱት አንዷ ነኝ። እርጉዝ ሴቶች ሲከተቡ መከላከያው ወደ ፅንሱ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ ተረጋግጧል። ይህ ማለት በየወረዳው ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት ከአንድ በታች ሆኗል ማለት ነው። ተሕዋሱ ከአፈር ስለማይጠፋ ክትባት ከቀረ በሽታው ይመለሳል። ስለዚህ እርጉዝ ልጃችሁን ወይም ምራታችሁን ክትባት አስጀምሯት፤ እትብቱም ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አታድርጉ።

የአባት ቢላ፣ ጎራዴ ወይም ጊሌ ቤታችሁ ካለ ደግሞ ከዚያ ሰው የተማርኩትን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ ከአፎቱ አውጡት። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ብረትን ከውስጥ ያስበላል፤ አፎቱን ለብቻው፣ ቢላውን ለብቻው አስቀምጡ። በረኪና፣ ሎሚ፣ የፈላ ውኃ አታስነኩት። የቀንድ እጀታ ከሆነ የፈላ ውኃ ያለሰልሰዋል፣ ሲደርቅ ይሰነጥቀዋል፤ ብልም ቀንድ ይበላልና በየጊዜው እዩት። ቀይ ዝገት ካለ በነጭ ጋዝ አርሳችሁ በለስላሳ ነገር አንሱት፤ ጥቁሩን ተዉት። ነጭ ጋዙን ከእሳትና ከልጆች አርቁ። ከዚያ በስስ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀቡት። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ሲቆይ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። ለእንጨቱ ሰም ይበቃዋል። በየስድስት ወሩ አንድ ጊዜ፣ በተለይ ክረምት ሲገባና ሲወጣ፣ ፈትታችሁ እዩት። በባዶ እጅ ከነካችሁት ጠርጋችሁ መልሱት፤ ላብ ጨው አለው። አንቲሩስት ቀለም የቀባችሁትም አላችሁ፤ እባካችሁ ይብቃ።

ሌላም ምክር አለኝ። አሮጌ ዕቃ ይዞ የሚዞር ነጋዴ በራችሁን ሲያንኳኳ አትቸኩሉ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። የሚያኖረው ሰው ካጣችሁ በሙዚየም ሊቀመጥ ይችላል። ሐረር ጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ። አንድ ሰው ከየቤቱ ሰብስቦ ያዳናቸው ጎራዴዎች፣ የእጅ ጽሑፎችና ገንዘቦች እዚያ ተደርድረዋል። የልጅ ልጆቻችሁንም ውሰዷቸው።

ከበደሳ ስንመለስ ልጁ ብዙ አልተናገረም። ሚኤሶ ስንደርስ «እማዬ፣ የሕፃኑ ስም ማን ነበር?» አለኝ። ክርስትና ሳይነሣ ስለሞተ ስም አልነበረውም፤ ይህንንም ነገርኩት። ቤት ስንገባ ከደብተሩ አንድ ወረቀት ቀደደና ጻፈ። ቢላውን ማን እንደሠራው በስሙ፣ ከምን ብረት እንደተሠራ፣ ማን እንዳደነበት፣ ሕፃኑን፣ የቀጥቃጩን ሚስት፣ በረኪናውንና የጠገነውን ሰው ስም ጻፈ። «አያቴ በበረኪና አበላሸችው» የሚለውን እንዲሰርዝ ለምኜው እንቢ አለ።

ወረቀቱ ከቢላው ጋር በአንድ ሻሽ ታስሮ ተቀምጧል። ልጁ ቪዲዮም ሠርቷል፤ ቢላው አያብለጨልጭም፣ ብዙ ሰውም አላየውም። ከአስተያየቶቹ አንዱ ግን ከበደሳ የመጣ ነው። የቀጥቃጩ የልጅ ልጅ «ሦስቱን ጭረት ጠጋ ብለህ አሳይ» ብሎ ጽፎለታል። በሚቀጥለው ክረምት ሊገናኙ ቀጠሮ ይዘዋል፤ እኔም ጉልበቴ ከፈቀደ አብሬ እሄዳለሁ።